ሥራ በአደባባይ ይቆጠር፣ ዝምድና በምስጢር ይጠየቅ፤ ስለ ናይሮቢ የማታሬ ወጣቶች የነጥብ ሰንጠረዥ የቀረበ ሒስ

በየትምህርት ቤታችን ያለው የተማሪ መዝገብ ብዙ ነገር ይዟል። ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ አድራሻ፣ የቀረበትና የተገኘበት ቀን፣ የየትምህርቱ ማርክ፣ ደረጃ፣ «ጠባይ» የሚል ዓምድ ሳይቀር አለው። አንድ ተማሪ በሒሳብ 38 ማግኘቱን ከመዝገቡ በቀላሉ ለማወቅ እንችላለን። ዳሩ ግን ያው ተማሪ አባቱ ቢሞትበት ማታ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ፣ ታሞ ቢቀር ደብተር ከማን እንደሚዋስ፣ ሥራ ቢፈልግ ችግሩን ለማን እንደሚያዋይ የሚያመለክት አንድም መስመር የለውም። ወጣቱን ከሰፈሩ፣ ከጎረቤቱና ከእኩዮቹ ጋር ያስተሳሰሩት ክሮች ስንት እንደሆኑ፣ የትኛው እንደጠበቀና የትኛው እንደላላ ሳናውቅ ዓመቱ ያልቃል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር ይለካልን? ከተለካስ መለኪያው ራሱ ትስስሩን ያጠነክራል ወይስ ያበላሻል? በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣነው ይህንኑ ነው። ለምርመራችን የመረጥነውም በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ማታሬ በተባለው ሰፈር ከ1987 ጀምሮ የተሠራበትን የወጣቶች የነጥብ ሰንጠረዥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰንጠረዡን የምናከብረው መሆናችንን ከወዲሁ እንገልጻለን። ጉድለቱን የምንጠቁመውም ጠቃሚ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

የወጣቶችን ማኅበራዊ ትስስር ለመለካት የተደረገው ሙከራ አዲስ አይደለም። እኛን መምህራንን ይበልጥ ሊያስደስተን የሚገባው ደግሞ ነገሩ ከትምህርት ቤት የተነሣ መሆኑ ነው። «ማኅበራዊ ካፒታል» የሚለውን ስያሜ ዛሬ በሚሰጠው ትርጉም ቀድመው ከጻፉት ሰዎች አንዱ ሃኒፋን የተባለ አሜሪካዊ ነበር። ይህ ሰው በዌስት ቨርጂኒያ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሲሆን በ1916 ባወጣው ጽሑፉ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ያለው መቀራረብና መተሳሰብ እንደ ገንዘብ ሁሉ የሚጠራቀም ሀብት መሆኑን፣ የሚጠራቀምበትም ስፍራ የመንደሩ ትምህርት ቤት ሊሆን እንደሚችል አስረዳ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ሐኪሙ ጃኮብ ሞሬኖ ነው። በ1932 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ሀድሰን በተባለ ስፍራ ከነበረ የልጃገረዶች ማሠልጠኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ 14 ልጃገረዶች ጠፉ። ሞሬኖ ልጃገረዶቹን ከማን ጋር ለመኖር እንደሚመርጡ እየጠየቀ ምርጫቸውን በነጥብና በመስመር የሚያሳይ ሥዕል ሠራ። ከዚያም የመጥፋቱን ምክንያት በየልጃገረዷ ጠባይ ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው በተዘረጋው የግንኙነት መረብ ውስጥ ፈለገ። የአንዷ መሄድ በመስመሩ አልፎ ሌላዋን ይነካ ነበርና። ሥራውን በ1934 በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ «ከማን አጠገብ ለመቀመጥ ትፈልጋለህ?» የሚለው የመምህራን ጥያቄ በብዙ አገር ተለመደ።

በኋለኛው ዘመን ደግሞ መጠይቁ ከክፍል ወጥቶ ወደ ጽሕፈት ቤት ገባ። የዓለም ባንክ በ2004 ያወጣው የማኅበራዊ ካፒታል መጠይቅ የቤተሰቡ አባላት በየትኞቹ ማኅበራት እንዳሉ፣ ጎረቤትን ያምኑ እንደሆነ፣ በድንገት ገንዘብ ቢያስፈልግ የሚያበድራቸው ሰው ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። ሆኖም የሚጠየቀው ቤተሰብ ነው፤ ስለ ቤተሰቡ የሚመልሰውም ብዙውን ጊዜ አባወራው ወይም እማወራዋ ነው። የ15 ዓመቱ ልጅ በወረቀቱ ላይ ቁጥር እንጂ ተናጋሪ አይደለም። ከዚህም በላይ መልሱ ተሰብስቦ ወደ ሩቅ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ የተጠየቀው ሰው ውጤቱን አያየውም፤ ስላላየውም በእርሱ ዘንድ የሚለወጥ ነገር የለም።

የማታሬ ሰንጠረዥ ከዚህ ሁሉ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ጣቢያ ሆና የተቆረቆረች ከተማ ነች። የቅኝ ገዢዎቹ ፕላን አውሮፓውያንን፣ እስያውያንንና አፍሪካውያንን በየሰፈራቸው ለያይቶ አስፍሯቸዋል። ማታሬ ከከተማው ማእከል 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በማታሬ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የተጨናነቀ፣ ቤቶቹ በአብዛኛው ከቆርቆሮ የተሠሩ የድሆች ሰፈር ነው። በአንድ ወገን ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የሚያውቁት ኢስትሊ ይዋሰነዋል። በሌላው ወገን ደግሞ መንገድ ብቻ ተሻግሮ ሙታይጋ የተባለው የባለጸጎች ሰፈር አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ለመሄድ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ዝምድናው ግን ያን ያህል ቅርብ አይደለም።

በ1987 በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ አማካሪ የነበረው ካናዳዊ ቦብ ሙንሮ የማታሬ ልጆች «ጁዋላ» ከሚሉት የላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው በሲባጎ ባሠሩት ኳስ ሲጫወቱ አየ። ልጆቹ በመጀመሪያ ሜዳቸውን ቢያጸዱ ጨዋታቸውን ሊዳኝላቸው ቃል ገባ። የማታሬ ወጣቶች የስፖርት ማኅበር የተወለደው ከዚህች ትንሽ ውል ነው። ማኅበሩም «እናንተ ከሠራችሁ እኛም እንሠራለን፤ እናንተ ካልሠራችሁ እኛም አንሠራም» የሚል ትርጉም ባለው መርሕ ይታወቃል። እያደገ ሄዶም ከ20,000 በላይ ወጣቶችን ለማቀፍ በቃ። በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ስለ አካባቢ ጥበቃ በተደረገው የዓለም ጉባኤ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሽልማት ተሰጠው።

የሰንጠረዡ አሠራር ቀላል ነው። አንድ ቡድን ግጥሚያ ሲያሸንፍ 3 ነጥብ ያገኛል። የሰፈሩን ቦይ ጠርጎ፣ ቆሻሻውን አንሥቶ የተመደበለትን የጽዳት ሥራ ሲፈጽም ግን እስከ 6 ነጥብ ያገኛል። እንግዲህ ኳስ ብቻ የሚያውቅ ቡድን ሻምፒዮን ሊሆን አይችልም። ከሜዳ የተባረረ ተጫዋች ወደ ጨዋታ ከመመለሱ በፊት የታናናሾቹን ግጥሚያ እንዲዳኝ ይደረጋል። በጨዋታው ላይ መልካም ሥነ ምግባር ላሳየ ደግሞ አረንጓዴ ካርድ አለ። በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ብዙ ነጥብ ያጠራቀሙ ወጣት መሪዎችም ሽልማታቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ ገንዘቡም የሚከፈለው ለሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው።

ከዚህ ላይ ልንገነዘበው የሚገባን ሦስት ቁም ነገር አለ። አንደኛ፣ የሚቆጠረው ስሜት ሳይሆን ሥራ ነው። «ጎረቤትህን ትወዳለህን?» ተብሎ አይጠየቅም፤ የጎረቤቱ ቦይ ተጠርጓል ወይስ አልተጠረገም? ሁለተኛ፣ ሒሳቡን ልጆቹ ራሳቸው ያውቁታል። የ12 ዓመት ልጅ ቡድኑ ስንት ነጥብ እንዳለው፣ ለምን እንዳነሰውና ቅዳሜ ምን መሥራት እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል። ሦስተኛ፣ መለኪያውና ግንባታው አልተነጣጠሉም። 11 ልጆች አካፋ ይዘው ቦይ ሲጠርጉ ነጥቡም፣ ወዳጅነቱም፣ የጎረቤቱም ምርቃት በአንድ ጊዜ ይገኛል። ብዙ ሊቃውንት በመጠይቅ የሚፈልጉትን ነገር እነዚህ ልጆች በአካፋ አግኝተውታል ብንል አልተጋነነም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰንጠረዡ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ጉድለት ከሁሉ የሚከፋው ነው። ማኅበሩ የልጃገረዶችን እግር ኳስ የጀመረው በ1992 ነው። ከ1987 እስከዚያ ድረስ ለአምስት ዓመት ያህል የሰፈሩ ወጣቶች ትስስር ሲቆጠር የሰፈሩ እኩሌታ አልተቆጠረም። ልብ እንበል፤ በእነዚያ ዓመታት የሰንጠረዡ ድምር ትክክል ነበር፤ የተሳሳተ ቁጥር አልነበረበትም። ቡድን የሌላት ልጅ ዜሮ እንኳ አታገኝም፤ ከመስመሩ ውጭ ነችና። ማኅበሩ ይህን ስሕተት ማረሙ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን የነጥብ ሰንጠረዥ የገቡትን እያወዳደረ ያሳያል እንጂ ያልገቡት እነማን እንደሆኑ ከራሱ አይናገርም።

ሁለተኛው ጉድለት ነጥብ ከሚያስለምደው ጠባይ የሚመጣ ነው። ነጥብ ያለው ሥራ ይሠራል፤ ነጥብ የሌለው ይረሳል። ለቡድኑ ብሎ ቦይ የሚጠርግ ልጅ መልካም ልጅ ነው። ዳሩ ግን ማንም ሳያይ ለታመመች አሮጊት ጎረቤቱ ውኃ የሚቀዳው ልጅ በሰንጠረዡ ላይ ቦታ የለውም። እኛ መምህራን ይህን በሽታ ከማርክ እናውቀዋለን። «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ የቱን ያህል ትምህርት እንደገደለ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያሻም።

ሦስተኛው ጉድለት ሰንጠረዡ በሰፈር ውስጥ ያለውን ትስስር እንጂ ከሰፈር የሚያወጣውን የማያይ መሆኑ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር በ1973 ባወጣው የታወቀ ጽሑፉ ሰው የሥራ ወሬ የሚሰማው ከልብ ወዳጁ ይልቅ ብዙውን ጊዜ አልፎ አልፎ ከሚያገኘው ሰው መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱም የልብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን። በ2022 ደግሞ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በአሜሪካ 21 ቢሊዮን የፌስቡክ ወዳጅነቶችን መርምረው፣ ድሆች ልጆች አድገው ኑሯቸውን ከማሻሻላቸው ጋር አጥብቆ የተያያዘው ከባለጸጎች ጋር ያላቸው ወዳጅነት ሆኖ አገኙት። እንግዲህ ለማታሬ ወጣት የሙታይጋው መንገድ ትልቅ ጉዳይ ነው። ማኅበሩ ከ1990 ጀምሮ ቡድን ወደ ኖርዌይ ውድድር ልኳል፤ በ1997 ለልጆቹ ካሜራ ተሰጥቶ ኑሯቸውን ራሳቸው ፎቶግራፍ እንዲያነሡ ተደርጓል፤ በ1994 የተቋቋመው ማታሬ ዩናይትድም እስከ አገሪቱ ዋና ሊግ ዘልቋል። እነዚህ መልካም መስኮቶች ናቸው። ነገር ግን በመስኮቱ ያለፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ለብዙኃኑ መንገዱን መሻገር ነጥብ አላስገኘም።

አራተኛውን ነገር የምንጽፈው በኀዘን ነው። በ2007 መጨረሻ ከተደረገው ምርጫ በኋላ በኬንያ ከ1,000 በላይ ሰዎች ሲገደሉ፣ ጎረቤት በጎሣ ተለያይቶ ከተጋጨባቸው ሰፈሮች አንዱ ማታሬ ነበር። በዚያው በ2008 ደግሞ ማታሬ ዩናይትድ የኬንያ ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ይህን ጠቅሰን ማኅበሩን ልንከስ አንፈልግም፤ የፖለቲከኞችን እሳት የእግር ኳስ ማኅበር እንዲያጠፋ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ይሁንና የተጠረገ ቦይ የሚቆጥር ሰንጠረዥ ቦዩን የጠረጉት ልጆች ከአንድ ወገን ይሁኑ ከብዙ ወገን ሊነግረን አይችልም። ዋንጫና መተማመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም ያ ዓመት ያስታውሰናል።

እንግዲህ በሰንጠረዡ ያልገቡትን በምን እናገኛቸዋለን? መልሱን ከዚያው ከናይሮቢ፣ ኪቤራ ከተባለው ሌላው የድሆች ሰፈር እናገኛለን። በ2002 በኪቤራ «ቢንቲ ፓሞጃ» የተሰኘ የልጃገረዶች ማእከል ተቋቋመ፤ ትርጉሙ «ሴት ልጆች በአንድነት» ማለት ነው። በኋላም ከ2015 እስከ 2017 በኪቤራና በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በዋጅር፣ ከ11 እስከ 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች በተካሄደው ፕሮግራም ልጆቹ በየሳምንቱ በአንዲት የሰፈራቸው ወጣት መሪነት ይሰበሰቡ ነበር። በአዲስ አበባም በ2006 በመርካቶ አካባቢ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉትን፣ ብዙዎቹም ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የሚያገለግሉትን ልጃገረዶች በቀበሌ አዳራሽ ሰብስቧል። እዚህ ላይ ሥራውን የጀመሩት ሴት አስተባባሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር፤ አሠሪዋ የማትለቃት ልጅ ራሷ ተመዝጋቢ ሆና ልትመጣ አትችልምና። የመለኪያ ጥያቄዎቹም ለልጅቷ ለራሷ የቀረቡ ነበሩ፤ ከቤት ውጭ ጓደኞችሽን የምታገኚበት ቦታ አለሽ? ችግር ቢደርስብሽ የምትሄጂበት ሰው አለ? ገንዘብ የሚያበድርሽስ?

እነዚህን ጥያቄዎች ስናነብ የራሳችን ዕድር ትዝ ይለናል። ዕድርተኛ ለቅሶ ላይ ስሙ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ይህም ቢሆን ሥራን በአደባባይ የሚቆጥር፣ መለኪያውና ትስስሩ ያልተነጣጠለ መዝገብ ነው፤ ማታሬ በኳስ ያገኘውን አባቶቻችንና እናቶቻችን በድንኳንና በወንበር አግኝተውታል። ግን የዕድሩን መዝገብ ገልጠን እንየው። የተጻፈው የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም ነው። ወጣቱ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይሸከማል፣ ውኃ ይቀዳል፤ ስሙ ግን በመዝገቡ የለም። የ17 ዓመት ልጅ ከአባቱ ቤት የወጣ ዕለት ዕድሩም አብሮት አይወጣም።

አሁን ስለ ራሳችን ስሕተት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት 52 ተማሪዎች ባሉበት አንድ የ9ኛ ክፍል፣ እያንዳንዱ ተማሪ ችግር ቢገጥመው ርዳታ የሚጠይቃቸውን የሦስት ጓደኞች ስም በብጣሽ ወረቀት እንዲጽፍ አደረግን። ወረቀቱን ስንደምር ማንም ስማቸውን ያልጻፋቸው አራት ተማሪዎች ተገኙ። አንዱ በማርክ ከክፍሉ ሁለተኛ የሚወጣ ልጅ ነበር። አንዷ ደግሞ ከገጠር መጥታ በዘመድ ቤት እያገለገለች የምትማር ልጅ ነበረች። እስከዚህ ድረስ ሥራችን መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን «ወዳጅነትን ለማበረታታት» በማለት ብዙ ጊዜ የተጠሩትን ስም ከነቁጥሩ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ዝርዝሩ ላይ የሌለው ማን እንደሆነ ተማሪዎቹ ለማወቅ አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ያቺ ልጅ ዘጠኝ ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። ቤቷ ድረስ ሄደን ስንጠይቃት፣ «ጋሼ፣ እኔም አውቀው ነበር፤ ግድግዳ ላይ መጻፉ ለምን አስፈለገ?» አለችን። መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም።

ይህች ልጅ ያስተማረችን የማታሬን ሰንጠረዥ በአዲስ ዓይን እንድናየው አድርጎናል። ሰንጠረዡ በአደባባይ ሲቆም ማንንም ያላዋረደው የሚቆጥረው ወዳጅነትን ሳይሆን ሥራን ስለሆነ ነው። ነጥቡ ያነሰ ቡድን ቅዳሜ አካፋ ይዞ መውጣት ይችላል። ስሙ ያልተጠራ ልጅ ግን ቅዳሜ ምን ያድርግ? በአንጻሩ ኪቤራና መርካቶ የጠየቁት ጥያቄ በጆሮ እንጂ በግድግዳ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው፤ ሁለቱም መለኪያዎች ያስፈልጋሉ፤ ቦታቸው ግን መለዋወጥ የለበትም። ሥራ በአደባባይ ይቆጠር፤ ዝምድና በምስጢር ይጠየቅ።

በተግባር ሲታይ ነገሩ ከባድ አይደለም። የክፍል ኃላፊ የሆነ መምህር በመስከረምና በግንቦት ሁለት ጊዜ የስም ወረቀቱን ያስጽፍ። ውጤቱን ከራሱ በቀር ማንም አይየው። ያልተጠሩትን ልጆች ስም በልቡ ይዞ የቡድን ሥራ ሲደለድል፣ የቤተ መጻሕፍት ተረኛ ሲመርጥ፣ ካርታ ሲያሥል ከሚሆናቸው ልጅ ጋር ያጣምራቸው፤ ማጣመሩ ግን ምጽዋት እንዳይመስል ይጠንቀቅ። በአደባባይ የሚቆጠረው ደግሞ ክፍሎች ለሰፈሩ የሚሠሩት ሥራ ይሁን፤ ከነጥቡም የተወሰነው ከሌላ ክፍል ወይም ከሌላ ሰፈር ልጆች ጋር ለተሠራ ሥራ ብቻ ይሰጥ። የማታሬ ሰንጠረዥ የጎደለው ይኸው ነበርና። በመጨረሻም እያንዳንዱ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ በስሙ የሚያውቀው አንድ የሥራ ሰው፣ የጋራዥ ባለሙያም ይሁን ነርስ ወይም የዕድር ዳኛ፣ እንዲኖረው ማስተዋወቅ የመምህሩ ፋንታ ነው። ለብዙዎቹ ልጆች ይህን የሚያደርግላቸው ሌላ ሰው የለም።

በ2024 የጸደይ ወራት የማታሬ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ቤት ጠረገ። ከዚያም መንግሥት በወንዙ ዳር የቀሩትን ቤቶች አስፈረሰ፤ ቤተሰቦችም ተበተኑ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የቡድኑ ነጥብ አብሮ አይሰደድም። ወጣቱ ይዞት የሚሄደው፣ ሌሊት በሩን ቢያንኳኳ የሚከፍትለትን ሰው ስም ነው። ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች። በግንቦት ወረቀቱን ስናስጽፍ ሁለት ተማሪዎች ስሟን ጽፈውት አገኘን። ይህን ለማንም አልለጠፍነውም።